ዝናብ ሳይመጣ የቆረጥኩት ክር

ሰላም ሰላም። ዛሬ እንግዳ የለም፣ ብቻዬን ነኝ። ከቻይናዋ ሚሉዎ ከተማ ከተመለስኩ አንድ ሳምንት ሆነኝ። አንዲት ቁርስ ግን ከልቤ አልወጣ አለች።

ናይናይ እጄን ያዙኝ። የጓደኛዬ አያት ናቸው። እጄን ገለበጡት። በአውራ ጣታቸው አንጓዬን ዳሰሱት። በበዓሉ ጠዋት በገዛ እጃቸው ክር ያሰሩልኝ ቦታ ነው። ክሩ የለም። ቀና ብለው አዩኝ። ከዚያ እጄን ቀስ አድርገው ጠረጴዛው ላይ መለሱትና «ብዪ» አሉኝ። በቃ።

ክሩ ባለ አምስት ቀለም ነው። አረንጓዴ፣ ቀይ፣ ቢጫ፣ ነጭ፣ ጥቁር። በዱዋንዉ በዓል ቀን፣ በጨረቃ አቆጣጠር በአምስተኛው ወር አምስተኛ ቀን፣ ለልጆች ይታሰራል። በፈረንጆቹ 2025 ሜይ 31 ነበር የዋለው። ወሩ ሙቀት የሚበረታበት፣ እባብና ጊንጥ የሚወጣበት፣ በሽታ የሚበዛበት ነው። ክሩ ከዚያ ሁሉ ይጠብቃል። ከበዓሉ በኋላ የመጀመሪያው ዝናብ ሲዘንብ ይቆረጥና ጎርፍ ላይ ይጣላል። ውሃው ክፉውን ይዞ ይሄዳል። ከዝናቡ በፊት ግን አይቆረጥም።

እኔ ማታውኑ ቆረጥኩት።

እማዬ በቪዲዮ ደውላ ነበር። «እጅሽ ላይ ያለው ምንድነው? ክታብ ነው እንዴ?» አለችኝ። «ጌጥ ነው እማዬ» አልኳት። ጌጥም ነው እኮ። ትንሽ ዝም አለችና «እስቲ አንገትሽን አሳዪኝ» አለች። ማተቤን ማለቷ ነው። አሳየኋት። ስልኩ እንደተዘጋ መቀስ ፈለግሁ።

አሁን ሳስበው እማዬ ቁረጪው አላለችኝም። ማንም አላለኝም።

ቀኑ ደግሞ እንዴት ያለ ቀን ነበር መሰላችሁ! በየበሩ ላይ አይ ጻዎ የሚሉት ቅጠል ተንጠልጥሏል። ሽታው ልክ አሪቲ። አፍንጫዬን አስጠግቼ ቆምኩ፣ አልላቀቅ አልኩ። ዞንግዚ በላን፣ በቅጠል ተጠቅልሎ የተቀቀለ የሚያጣብቅ ሩዝ ነው። ደቡብ ላይ ብዙ ቦታ ሥጋ ይከቱበታል። የናይናይ ግን ባዶውን ነው፣ ስኳር እያስነኩ ነው የሚበሉት። ስድስት በላሁ።

ከዚያ ወንዙ። ከበሮው ሲመታ ደረቴ ውስጥ ነው የሚሰማኝ። ጀልባዎቹ ሲሽቀዳደሙ ጮህኩ፣ ዘለልኩ። ጓደኛዬ ጆሮዬ ላይ ተጠግታ «ሰው እየፈለጉ እኮ ነው» አለችኝ። ባለቅኔውን ቹ ዩዋንን ማለቷ ነው። ከአገልግሎቱ ተባርሮ፣ ቹ የሚባለው አገሩ ዋና ከተማ መያዙን ሲሰማ፣ ከክርስቶስ ልደት በፊት በ278 እዚሁ ወንዝ ውስጥ ራሱን ጣለ ይባላል። ሰዎቹ በጀልባ ወጡ። ዓሣው እንዳይበላው ከበሮ መቱ፣ ሩዝ ወረወሩ። አላገኙትም። ከ2,300 ዓመት በላይ እየቀዘፉ ነው።

ጩኸቴ ቆመ። እኛ ሰፈር ልጃቸው ባሕር ላይ የቀረባቸው ቤት አለ። ለቅሶ ተቀመጡ፣ ተነሱ። ግን አሁንም ማታ በር ሲንኳኳ እናቱ ናቸው ቀድመው የሚነሱት... ይሄን ለምን እንዳመጣሁት እንጃ።

ጠዋት ላይ ለናይናይ «ዱዋንዉ ኳይለ» ብያቸው ነበር፣ መልካም በዓል እንደ ማለት ነው። እጃቸውን አወዛወዙ። «አንካንግ» በይ አሉኝ። ሰላምና ጤና። የሰው ሞት ያለበት ቀን ነው፣ ደስታ አይባልበትም፣ ሰላም ሁኑ ነው የሚባለው አሉ። ይህን እያሉኝ ነው ክሩን ያሰሩልኝ። ሰላም ሁኚ ነው ያሉኝ እኮ!

ማተቤም ክር ነው። አንዱ ሌላውን ይነካል ብዬ ፈራሁ መሰለኝ። ወይ እማዬን ነው የፈራሁት። ወይ ደግሞ... አላውቅም።

ሰኞ ወደ ቻንግሻ ስመለስ ዘነበ። ባቡር ውስጥ ነበርኩ። ክሩ ቦርሳዬ ውስጥ፣ ዝናቡ መስታወቱ ላይ። የፈጣን ባቡር መስኮት ደግሞ አይከፈትም።

አሁንም ቦርሳዬ ውስጥ ነው። ሁለተኛው ዝናብ ይሆን ይሆን? ጓደኛዬን ልጠይቃት ስልኩን አነሳለሁ፣ መልሼ አስቀምጠዋለሁ። ለምን ቆረጥሽው ትለኛለቻ። ያኔ ምን እላታለሁ...