ማን ነው የሚቆጥረው?

ጤና ይስጥልኝ ወገኖቼ፣ ከጎንደር። የድሮ የወረቀት ጦርነት ጨዋታ ወደ ኮምፒውተር እያዛወርኩ ነው፤ ዛሬ የካርታውን ቅኚት (ስካን) እጨርሳለሁ ብዬ ነበር። እጨርሰዋለሁም። ግን ያቺ የቀኝ ክንፍ ውጊያ ከጭንቅላቴ አልወጣም ብላለች። የአጥቂው ጉልበት 11፣ የተከላካዩ 4 የሆነባት።

እስቲ ቀስ ብለን እንያት። 11 ለ4 ሲካፈል 2.75 ነው። የድሮዎቹ የወረቀት ጦርነት ጨዋታዎች ደንብ አብዛኛውን ጊዜ ክፍልፋዩን ለተከላካዩ ያደላል፤ ስለዚህ ውጊያው 2 ለ1 ነው። ኮዱን የጻፈው ሰው ተራውን የማጠጋጊያ ትእዛዝ ከሰጠ ግን 2.75 ወደ 3 ይወጣል። ዳይሱ የሚነበበው በውጊያ ውጤት ሰንጠረዡ የ3 ለ1 ዓምድ ይሆናል፣ ማፈግፈግ የነበረበት ጦር ይደመሰሳል።

«ክፍልፋዩን ቁረጠዋ!» ትሉኛላችሁ። እሺ፣ ገልብጡት። 4 ሆኖ 11ን ያጠቃ። አሁንም 2.75 ነው፤ ከቆረጣችሁት 1 ለ2 ይሆንና ያተረፈው አጥቂው ነው። እዚህ ወደ ላይ ነው መሄድ ያለበት፣ 1 ለ3። ስለዚህ ሁለት የተለያየ መስመር ይጻፍ።

ወንዝ ሲመጣ ደግሞ... 11ዱ 5፣ 3 እና 3 ናቸው እንበል፤ ወንዝ ተሻግሮ ማጥቃት ጉልበትን ያጋምሳል። እያንዳንዱን አጋምሳችሁ ከቆረጣችሁ 2፣ 1፣ 1፣ ድምሩ 4። ደምራችሁ ካጋመሳችሁ 5.5። ተከላካዩ 5 ቢሆን አንዱ 1 ለ2፣ ሌላው 1 ለ1 ይሰጣል። ደንቡ ዝም ካለስ? ኮድ ዝም ማለት አይችልም።

እኔን የሚረብሸኝ ግን ስሌቱ አይደለም። ጠረጴዛ ላይ ሁለት ሰዎች ጮክ ብለው ነው የሚቆጥሩት፤ «አሥራ አንድ ለአራት፣ ሁለት ለአንድ፣ ተስማማን?» ይባባላሉ። ስክሪኑ ላይ ቁጥሩ ብቅ ይላል፣ ማንም አይቆጥርም። ስህተቱ ለዓመታት ሊቀመጥ ይችላል። ቫሳል የሚባለው የሰሌዳ ጨዋታ ማጫወቻ ፕሮግራም ደንብ የማያስፈጽመው፣ ካርታና መጫወቻ ጠጠር ብቻ የሚያቀርበው ለዚህ ይመስለኛል... ወይም ለዚህ ብቻ አይደለም። ደንብን ወደ ኮድ መቀየር ለጀማሪ ከባድ ነው።

እሺ ካርታው። 22 በ34 ኢንች፣ ስምንት ገጽ ሆኖ የሚታጠፍ፣ እያንዳንዱ ገጽ 8.5 በ11። የኤፎር ስካነር መስታወት 8.5 በ11.7 ገደማ ስለሆነ ስምንት ጊዜ ይበቃል ትላላችሁ። አይበቃም! ለማጋጠም ቢያንስ አንድ ኢንች መደራረብ አለበት፤ አምስት በሁለት፣ አሥር ቅኚት። ክዳኑን በከባድ ነገር ተጫኑት፤ እጥፋቱ ከመስታወቱ ከተነሣ መስመሩ ይጎብጣል። አውቶማቲክ የቀለም ማስተካከያውን አጥፉት፤ አለዚያ አንዱ ቁራጭ ቢጫ፣ ጎረቤቱ ግራጫ ይሆናል። በ300 ዲፒአይ (ነጥብ በኢንች) ቅኙ፣ ካጋጠማችሁ በኋላ ወደ 150 አውርዱ፤ 3300 በ5100 ፒክስል ይሆናል። የግማሽ ኢንች ጠጠር 75 ፒክስል ነው።

ከዚያ ባለ ስድስት ጎኑ መረብ። በዓምዶች መካከል ያለው ርቀት የአንዱ ሄክስ (ባለ ስድስት ጎን ቤት) ቁመት በ0.866 ሲባዛ ነው። ግራ ጫፍ ላይ ብቻ አስተካክላችሁ አትተዉት። በአንድ ዓምድ ግማሽ ፒክስል ብትስቱ 50ኛው ዓምድ ላይ 25 ፒክስል ትስታላችሁ፤ ጠጠሩ መስመር ላይ ይቀመጣል። ከአራቱም ማዕዘን ለኩ። የቫሳል ሞጁል፣ ማለትም የጨዋታው ጥቅል ፋይል፣ ደግሞ ዚፕ ነው፣ ይከፈታል፤ ውስጡን ከመንካታችሁ በፊት ግን ቅጂ አስቀሩ። መብራት የሚጠፋበት ቀን አይታወቅም።

የኅዳር 1934ን ውጊያ በጨዋታ እንድሠራው የምትጠይቁኝ አላችሁ፤ ቁልቋል በር የተባለው የተራራ መተላለፊያ፣ ጎንደር፣ የጣሊያን የመጨረሻ ይዞታ። ባሰብኩት ቁጥር ደስ ይለኛል፣ ወዲያው ደግሞ ያስጨንቀኛል። በር ከአንድ ሄክስ ይጠባል። ሄክሱን ሁሉ «ተራራ» ካላችሁት መንገዱ ይዘጋል፤ «መንገድ» ካላችሁት ገደሉ ይጠፋል። መንገዱን በሄክሱ ጎን ላይ መመዝገብ ነው የሚሻለው፣ ስድስት ጎን፣ ለየብቻ።

አንዷ ወዳጃችን ደግሞ የአገራችንን ሰንጠረዥ፣ ቼዝ መሰሉን ጨዋታ፣ አንሥታለች። የወረራውን ክፍል፣ የመጀመሪያው ጠጠር እስኪበላ ሁለቱም ተራ ሳይጠብቁ የሚያንቀሳቅሱበትን። በኔትወርክ ሁለት ሰው በአንድ ጊዜ ቢያንቀሳቅስ ማን ቀደመ? ኢንተርኔቱ የፈጠነለት? ይሄ ፍትሕ አይደለም። ግን ተራ ካስገባችሁበት ወረራ አይደለም...

እና ወደ 11 ለ4 ስመለስ፣ ምናልባት ስክሪኑ ስሌቱን ሁሉ ያሳይ፣ 11፣ 4፣ 2.75፣ የተቆረጠው፣ ከዚያ ሁለቱም ይጫኑ። ግን ሰው ሳያነብ «እሺ» ይጫናል፣ አይደል? አላውቅም። ያንን ጦር ከሞተበት ልመልሰው ወይስ...