ሊኑክስ በኪሴ

ጤና ይስጥልኝ። ዛሬ ብቻዬን ነኝ። የማወራችሁም እጄ ላይ ስላለው ስልክ ነው።

ስልኩ በፈረንጆቹ የ2018 ሞዴል ነው። ያገለገለ ነው የገዛሁት፤ ስክሪኑ ጥጉ ላይ ትንሽ ተሰንጥቋል። ውስጡ ያለው ግን ፖስትማርኬትኦኤስ የሚባል ሊኑክስ ነው። ሊኑክስ ማለት እንደ ዊንዶውስ መሣሪያውን የሚያንቀሳቅስ ሲስተም ነው፤ ነፃና ክፍት ነው። "አንድሮይድስ ሊኑክስ አይደል እንዴ?" የሚል ይኖራል። ልክ ነው፣ ከርነሉ፣ ማለትም የሲስተሙ እምብርት፣ ሊኑክስ ነው። የኔው ላይ ግን ከከርነሉ በላይ ያለውም ላፕቶፕ ላይ የለመድነው ሊኑክስ ነው። ትእዛዝ የሚጻፍበትን መስኮት፣ ተርሚናልን፣ እከፍታለሁ፣ "ኤፒኬ አፕግሬድ" ብዬ እጽፋለሁ፣ ሁሉም ነገር ይታደሳል። ኤፒኬ ስል የአንድሮይዱ የአፕ ፋይል እንዳይመስላችሁ፤ አልፓይን የሚባለው ሊኑክስ ፓኬጅ ማናጀር፣ ማለትም ፕሮግራሞችን የሚጭነውና የሚያድሰው መሣሪያ፣ ስም ነው። ፖስትማርኬትኦኤስ የተሠራው አልፓይን ላይ ነው።

ወደዚህ የገባሁት በንዴት ነው። የበፊቱ ስልኬ ምንም አልሆነም ነበር። ባትሪው ደህና፣ ስክሪኑ ደህና። መጀመሪያ አፕዴት መምጣቱ ቆመ፤ ቀጥሎ አፖቹ አንድ በአንድ አልከፈት አሉኝ። ደህና ዕቃ መሳቢያ ውስጥ ገባ። አባቴ አንዷን ሬዲዮ እያስጠገነ ስንት ዓመት እንደሰማባት ሳስብ ያንገበግበኛል። ፖስትማርኬትኦኤስ በፈረንጆቹ 2017 ሲጀመር ዓላማው ይኸው ነበር፤ ስልክ 10 ዓመት እንዲያገለግል።

ታዲያ ለዕለት ኑሮ ይሆናል ወይ? ለኔ ሆኗል። እደውላለሁ፣ ሚሴጅ እልካለሁ፣ ፋየርፎክስ አለ፣ ቴሌግራም የዴስክቶፑ ይሠራል። ቴሌብር በ*127# ይገባል፤ የመደወያው አፕ እንዲህ ዓይነት ኮዶችን ይቀበላል። ካሜራው ደካማ ነው። የባንክ አፕ ግን አልሆነልኝም። ዌይድሮይድ በሚባል መንገድ የአንድሮይድ አፕ ማስነሳት ይቻላል፤ የባንክ አፖች ግን ስልኩን ይፈትሹና አንከፈትም ይላሉ። ለሱ ስል ቤት ውስጥ ሌላ ስልክ አስቀምጫለሁ።

አንድ የሚገርመኝ ነገር አለ። እንደኔ ያሉ ብዙ ስልኮች ሊኑክስ ሲጫንባቸው በ4ጂ ላይ ድምፅ ማስተላለፍ አይችሉም፤ ለጥሪ ወደ 3ጂ ወይም ወደ 2ጂ ይወርዳሉ። አሜሪካ ውስጥ ትልልቆቹ ኩባንያዎች በ2022 3ጂን ስለዘጉ፣ እዚያ ያለ ወንድማችን በእንዲህ ዓይነት ስልክ መደወል ይቸግረዋል። እኔ አዲስ አበባ ሆኜ እደውላለሁ። እዚህም አንድ ቀን 3ጂ ይዘጋ ይሆናል፣ ያ ያሳስበኛል።

በጣም የደከምኩት ግን በአማርኛው ነው። ማንበቡ ችግር የለውም፤ ኖቶ ሳንስ ኢትዮፒክ የሚባለውን ፎንት መጫን ብቻ ነው። መጻፉ ላይ ግን ለአማርኛ የሚሆን ኪቦርድ አጣሁ። የስልኩ ኪቦርድ ስኩዊክቦርድ ይባላል። ደግነቱ የቁልፎቹ አቀማመጥ ተራ የጽሑፍ ፋይል ነው፤ ማንም ከፍቶ የራሱን መጻፍ ይችላል። እኔም ጻፍኩ። "ለ"ን ስነካ ከግዕዝ እስከ ሳብዕ ይደረደራል፦ ለ፣ ሉ፣ ሊ፣ ላ፣ ሌ፣ ል፣ ሎ። አንዱን እመርጣለሁ፣ ኪቦርዱ ወደ መጀመሪያው ገጽ ይመለሳል። ሦስት ምሽት ፈጀብኝ። አንዲት ክፍት ቦታ ስትዛነፍ ፋይሉ በሙሉ አይነበብም፣ እሷን ፍለጋ እስከ ሌሊቱ ሰባት ሰዓት ተቀምጫለሁ።

ሲሠራ መጀመሪያ የጻፍኩት ለእናቴ ነበር፦ "እማ፣ እንዴት አደርሽ?" እሷ ምኑም አልገባትም፣ "ደህና ነኝ ልጄ" ብላ መለሰች። እኔ ግን እያንዳንዷ ፊደል የት ፋይል፣ ስንተኛው መስመር ላይ እንዳለች አውቃለሁ። ስልክ ይዤ እንዲህ ተሰምቶኝ አያውቅም።

ፋይሉን ለሚፈልግ ሰው ሁሉ እሰጣለሁ። ዲቃላዎቹን፣ ሏን፣ ሟን፣ ቷን ገና አላስገባሁም። ዛሬ ማታ እነሱ ላይ ነኝ።