እሷ «በሞቴ» ትላለች፣ እኔ ሞቴን አያለሁ

ሰላም፣ እንዴት ናችሁ? ዛሬ ብቻዬን ነኝ። ከሐዋሳ ነው የማወራችሁ፤ የባጃጅ ጥሩምባ ከገባ ይቅርታ።

ስለ መዋጥ ላውራችሁ።

ማዮሳይቲስ አለብኝ። የሰውነት መከላከያ የገዛ ጡንቻውን እንደ ጠላት ሲያጠቃ የሚመጣ በሽታ ነው። እኔን ከትከሻና ከጭን ጀመረኝ። ፀጉሬን ማበጠር አቃተኝ፤ ከበርጩማ ሰው እየደገፈኝ ነበር የምነሳው። ይሄን መናገር አልከበደኝም። መዋጥ ሲያቅተኝ ግን ደበቅኩ።

መጀመሪያ ያስቸገረኝ ውሃ ነው። ውሃ! ትን ይለኛል፣ አንዳንዴም በአፍንጫዬ ይወጣል። እንጀራው ደግሞ ጉሮሮዬ ላይ ቁጭ። አንድ ክሊኒክ ቶንሲል ነው አለኝ፣ ሌላው ጨጓራ። የጨጓራ ኪኒን ስውጥ ከረምኩ። መዋጥ ካላችሁት።

በኋላ ያየችኝ ሐኪም አስረዳችኝ። የጉሮሮና የምግብ ቧንቧው የላይኛው ክፍል ጡንቻ ከክንድና ከእግር ጡንቻ ጋር አንድ ዓይነት ነው። ታችኛው ይለያል። ለዚህ ነው በሽታው ላይኛውን የሚመታው። ባሪየም የሚባል ነጭ ፈሳሽ እየዋጥኩ በራጅ ሲያዩኝ ከፊሉ ጉሮሮዬ ውስጥ ቀርቷል። እንዲህ የሚቀር ምግብ ወደ ሳንባ ከወረደ የሳንባ ምች ሊያመጣ ይችላል። ለካ ያ ሁሉ ሳል...

ፕሬድኒሶሎን የሚባል፣ የሰውነት መከላከያን የሚያበርድ መድኃኒት ጀመርኩ። ፊቴን ሲያሳብጠው ሰዉ «ተመቸሽ» ይለኛል! ግን ቀስ በቀስ ረዳኝ። ሁሉንም አይረዳም። ኢንክሉዥን ቦዲ የሚባለው የማዮሳይቲስ ዓይነት፣ አብዛኛውን ጊዜ ከ50 ዓመት ወዲያ የሚመጣው፣ በዚህ መድኃኒት እምብዛም አይሻለውም።

አሁን ቀጥ ብዬ ተቀምጬ፣ አገጬን ዝቅ አድርጌ፣ በትንሽ በትንሹ ነው የምውጠው። እኔን ያስተማሩኝ ይሄን ነው፤ ሌላው ሰው ታይቶ የራሱ ይነገረዋል። ከቀጭን ነገር ወፈር ያለው ስለሚሻለኝ አጥሚት አዘወተርኩ። ጎረቤቴ «ወለድሽ እንዴ?» አለችኝ።

የከፋው ጉርሻ ነው። አክስቴ እንደ ቡጢ ጠቅልላ «በሞቴ!» ትላለች። እሷ በሞቴ ትላለች፣ እኔ ሞቴን ነው የማየው። እምቢ ስላት ተቀየመችኝ። ሁለት በዓል ዋሸሁ፣ ጾም ነኝ፣ በልቻለሁ እያልኩ። በመጨረሻ አልቅሼ ነገርኳት።

ባለፈው እሑድ ከአክስቴ ጋር አሞራ ገደል፣ ሐይቁ ዳር ያለው የአሳ ገበያ፣ ሄድን። የአሳውን አጥንት አንድ በአንድ ለቀመች፣ አደቀቀችውና ወደ እኔ ገፋ አደረገችው። አላጎረሰችኝም። ሾርባዬን እሷ ጠጣችልኝ። እኔ አንዷን ቁራሽ እስክውጥ የእሷ ሳህን ባዶ ሆኗል። ዝም ብላ አባ ኮዳዎቹን፣ እነዚያን ትልልቅ ወፎች፣ እያየች ጠበቀችኝ።