ካንሰሩ መድኃኒቱን ሲቋቋም ምግቡንም ይቀይራል? የአድማጮች ጥያቄና መልስ

ከድሬዳዋ፣ ከከዚራ የደወሉ አድማጭ፦ እህቴ ክሮኒክ ማይሎይድ ሉኪሚያ የተባለው የደም ካንሰር ተገኝቶባት ኢማቲኒብ እየወሰደች ደህና ሆና ነበር። አሁን ግን ሐኪሟ በሽታው መድኃኒቱን መቋቋም ጀምሯል ብለዋታል። ጎረቤቶቻችን ካንሰር የሚኖረው በስኳር ነውና ሻይዋን ያለ ስኳር ትጠጣ፣ ሙሸበክም ይቅርባት ይላሉ። እውነት ነው?

መልስ፦ አባባሉ መነሻ አለው። ጀርመናዊው ተመራማሪ ኦቶ ዋርበርግ እ.ኤ.አ. በ1920ዎቹ እንዳሳዩት፣ ብዙ የካንሰር ሕዋሳት ኦክስጅን እያላቸው እንኳ ግሉኮስን (በደም ውስጥ ያለውን ስኳር) በብዛት እየወሰዱ ወደ ላክቲክ አሲድ ይለውጡታል። ኢማቲኒብ የሚያፍነው ቢሲአር-ኤቢኤል የተባለው ፕሮቲንም ሕዋሱ እንዲባዛ ከማዘዙ ባሻገር ይህንኑ የግሉኮስ ፍጆታ ስለሚያባብስ፣ መድኃኒቱ ሲሠራ ፍጆታው አብሮ ይቀንሳል። ከመድኃኒቱ የሚተርፉት ሕዋሳት፣ በተለይም መቅኒ ውስጥ የተሸሸጉት የበሽታው ግንድ ሕዋሳት (ሌሎቹን የካንሰር ሕዋሳት የሚያፈሩት)፣ በግሉኮስ ላይ ብቻ ሳይንጠለጠሉ ሚቶኮንድሪያ በተባሉት የሕዋስ ኃይል ማመንጫዎች አማካይነት ከስብና ከአሚኖ አሲዶች ጭምር ኃይል ያመነጫሉ። በሜላኖማ የቆዳ ካንሰርም ብራፍ የተባለውን ፕሮቲን የሚያፍኑ መድኃኒቶች ሲሰጡ ተመሳሳይ ለውጥ ታይቷል።

ስለዚህ ስኳር በመተው እነዚህን ሕዋሳት ማስራብ አይቻልም፤ ሰው ጣፋጭ ባይቀምስም ጉበቱ ከፕሮቲን ጭምር ግሉኮስ እየሠራ ወደ ደም ይለቃል። እኔን ከሙሸበኩ ይልቅ የሚያሳስበኝ እህትዎ ምግብ በመቀነስ ክብደታቸውና ጉልበታቸው እንዳይጎዳ ነው። ከሐኪማቸው ጋር ሁለት ነገር ይነጋገሩልኝ። አንደኛው፣ ክኒኑ ሳይዘለል በየቀኑ ተወስዷል ወይ የሚለው ነው፤ ይህን ማንም ሳይወቅሳቸው በግልጽ ሊናገሩ ይገባል፣ የተዘለለ መጠን በሽታው እንዲያገረሽ መንገድ ይከፍታልና። ሁለተኛው የሚውቴሽን፣ ማለትም በካንሰሩ ዘረመል ላይ የደረሰ ለውጥ፣ ምርመራ ነው። ለምሳሌ ቲ315አይ የተባለው ሚውቴሽን ኢማቲኒብ የሚያርፍበትን ቦታ ስለሚለውጥ መጠኑን መጨመር አይረዳም፤ ፖናቲኒብን ወይም አሲሚኒብን የመሰለ ሌላ መድኃኒት ያስፈልጋል። እስከዚያው ግን ክኒኑን በራሳቸው ውሳኔ እንዳያቋርጡ አደራ እላለሁ።

ከሐረር፣ ከጀጎል፦ የስኳር ሕመም መድኃኒቱ ሜትፎርሚን ሚቶኮንድሪያን ያዳክማል ይባላል፤ ታዲያ ለዚህ አይሆንም?

መልስ፦ በመጠኑ ያዳክማል፤ ሆኖም መድኃኒት የተቋቋመን ሉኪሚያ እንደሚያድን አልተረጋገጠምና ለዚህ ብለው አይውሰዱ። አይኤሲኤስ-010759 የተባለው፣ ሚቶኮንድሪያን ከሜትፎርሚን ይበልጥ የሚያዳክም መድኃኒት በሰው ላይ ሲሞከር የነርቭ ጉዳትና የላክቲክ አሲድ መብዛት አስከትሏል፤ ያ የኃይል ምንጭ የጤነኛው ነርቭም ነውና።