የአለቃ ቁጣ የሚዘጋው አፍ

ክቡራን የሥራ ክፍል ኃላፊዎች፣ ውድ ባልደረቦቼ፤

በዚህ የሥልጠና መክፈቻ ላይ ስለ ስሜታዊ ብልህነት፣ ማለትም የራስንና የሌላውን ስሜት ተረድቶ በአግባቡ ስለ መያዝ፣ እንድናገር ስትጋብዙኝ፣ የሥነ ልቦና ምሁራኑ ፒተር ሳሎቬይ እና ጆን ሜየር እ.ኤ.አ. በ1990 ጽንሰ ሐሳቡን እንዴት እንዳስተዋወቁት በማብራራት ልጀምር አስቤ ነበር። ይሁን እንጂ አብረን ያሳለፍናቸው የሥራ ዓመታት ስለ አንድ ጉዳይ በግልጽ እንድናገር ግድ ብለውኛል፤ እርሱም እንደ ተራ ነገር ለምደን የተቀመጥነው የአለቃ ቁጣ ነው።

ከራሴ ልጀምር። ኃላፊ በሆንኩ በሁለተኛው ዓመት፣ አንድ ረቡዕ ከሰዓት በኋላ፣ አንዲት ወጣት የሒሳብ ሠራተኛ ወደ ቢሮዬ መጣች። ከጥቂት ደቂቃዎች በፊት በአንድ ባልደረባዋ ላይ ስጮህ ድምፄ ኮሪደሩን ሞልቶት ነበር። ፋይሏን ደረቷ ላይ አጥብቃ ይዛ በሩ አጠገብ ቆመች፤ በአውራ ጣቷ የፋይሉን ጠርዝ ደጋግማ ታሻሽ ነበር። ቀና እንኳ ሳልል «ምንድን ነው?» አልኳት። «ምንም አይደል፣ ሌላ ጊዜ እመለሳለሁ» ብላ ወጣች። በፋይሉ ውስጥ የነበረው፣ ለደንበኛ ልንልከው ባዘጋጀነው ሰነድ ላይ አንድ ወጪ ሁለት ጊዜ መደመሩን የሚያሳይ ወረቀት ነው። ሰነዱ አርብ ዕለት በእኔ ፊርማ ወጣ፤ ስሕተቱንም የነገረን ደንበኛው ሆነ። አስጠርቼ «ለምን አልነገርሽኝም?» ስላት፣ ዓይኗን ከወለሉ ሳታነሣ «ልነግርዎት መጥቼ ነበር» አለችኝ።

ኤሚ ኤድመንድሰን የተባሉት ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ በሆስፒታሎች ውስጥ የመድኃኒት አሰጣጥ ስሕተቶችን ሲያጠኑ፣ በጥሩ ሁኔታ የሚመሩት ቡድኖች ጥቂት ስሕተት ይኖርባቸዋል ብለው ጠብቀው ነበር። ያገኙት ግን የእነዚሁ ቡድኖች የተመዘገበ ስሕተት በዝቶ ነው፤ የበዛውም ሠራተኞቹ ያዩትን ሳይፈሩ ስለሚናገሩ ነበር። ስለዚህ «በእኔ ክፍል ስሕተት የለም» የሚል ግልፍተኛ ኃላፊ በመካከላችን ካለ፣ ስሕተቱ ከእርሱ ተደብቆ እንደሆነ ይጠርጥር።

«ቁጡ ነው እንጂ ልቡ ንጹሕ ነው» እያልን ስንት ሰው አስለቀስን? «ደሜ ሲፈላ ራሴን መቆጣጠር አልችልም» የሚለው አለቃ፣ የበላዩ ሲገሥጸው አንገቱን ደፍቶ «እሺ ጌታዬ» ይል የለምን? ቁጣው ከእርሱ በታች ያለውን ብቻ መርጦ የሚገነፍል ከሆነ፣ ይህ ራስን መቆጣጠር ማቃት አይደለም፤ ሥልጣንን መከታ አድርጎ ሰውን ማዋረድ ነው!

ቁጣን ማውጣት ያቀልላል የሚባለውም አያዛልቅም። የሥነ ልቦና ተመራማሪው ብራድ ቡሽማን እ.ኤ.አ. በ2002 ባሳተሙት ጥናት፣ ያናደዳቸውን ሰው እያሰቡ የቡጢ መለማመጃ ከረጢት የደበደቡት ሰዎች፣ ዝም ብለው ከተቀመጡት ይልቅ የባሰ ተቆጥተው ተገኝተዋል። ንዴት ሲመጣ ውሳኔውን ማዘግየት፣ «ተናድጃለሁ፤ ከአንድ ሰዓት በኋላ እንነጋገር» ብሎ በተረጋጋ ድምፅ መናገር ይቻላል፤ ዝርዝሩን አሠልጣኞቹ ያሳዩናል።

እኔ የምጨምረው አንድ ነገር ነው፦ በሰው ፊት የተቆጣ በሰው ፊት ይቅርታ ይጠይቅ። በዚያ ረቡዕ የጮህኩበት ባልደረባችን ዛሬ በዚህ አዳራሽ ተቀምጧል። ለብቻው ይቅርታ ጠይቄው ነበር፤ ጩኸቴን ሰምተው በነበሩት ፊት ግን እስከ ዛሬ አልጠየቅኩትም። ወንድሜ ሆይ፣ በእነዚህ ሁሉ ባልደረቦቻችን ፊት፣ ይቅርታ አድርግልኝ።