ቢጫው መዳፌ

ሰላም፣ እንዴት ሰነበታችሁ? ዛሬ እንግዳ የለኝም። እኔና ማይኩ ብቻ ነን። የማወራችሁ ስለ መዳፌ ነው። አዎ፣ ስለ እጄ መዳፍ።

አንድ ሰሞን ሥራ በዝቶብኝ ከኮምፒዩተር ፊት አልነሳም ነበር። ማታ ማታ ፊደሎቹ ይደራረቡብኛል። ሰው በዚህ ጊዜ ዓይኑን ይታያል አይደል? እኔ ጭማቂ መጭመቂያ ገዛሁ። ካሮት ለዓይን ጥሩ ነው ሲባል ሰምቶ ያላደገ ማን አለ? ጠዋት አንድ ትልቅ ብርጭቆ፣ ማታ ሌላ። አንድም ቀን አላቋረጥኩም።

ሁለት ወር ገደማ ሲሆነኝ እጄን ስታጠብ ልብ አልኩ። መዳፌ ቢጫ ሆኗል። በሳሙና ፈተግሁት፣ አይለቅም። በመስታወት ሳይ አፍንጫዬም ግራና ቀኙ ቢጫ ነው። ወዲያው ወደ አእምሮዬ የመጣው የወፍ በሽታ ነው። ጉበቴ አለቀለት አልኩ። ያን ሌሊት እንቅልፍ የለም።

ሐኪሙ ጠና ያሉ ሰው ናቸው። እጄን ዘርግቼ ሳሳያቸው ብዙም አላዩትም። የዓይኔን የታችኛውን ቆብ በአውራ ጣታቸው ሳብ አድርገው ወደ መስኮቱ አዞሩኝ። "ልጄ፣ ካሮት ታበዛለህ እንዴ?" አሉኝ። ጠንቋይ መሰሉኝ!

ለካ መለያው ቀላል ነው። የወፍ በሽታ ሲሆን የዓይን ነጩ ቢጫ ይሆናል። የካሮት ቀለም ግን ቆዳ ላይ ነው የሚከማቸው፣ በተለይ መዳፍና ውስጥ እግር ላይ። የዓይንን ነጭ አይነካም። ጉዳትም የለውም፣ ካሮቱን ስትቀንሱ ቀስ እያለ ይለቃል።

እንግዲህ ያ ቀለም ምንድን ነው ብዬ ማንበብ የጀመርኩት ከዚያ ወዲህ ነው። ካሮቲኖይድ ይባላል። ከ600 በላይ ዓይነት ይታወቃል። የቲማቲም ቅላት፣ የካሮት ብርቱካናማነት፣ የእንቁላል አስኳል ቢጫነት የዚሁ ቤተሰብ ሥራ ነው። በአውሮፓውያን አቆጣጠር በ1831 ዋከንሮደር የተባለ ጀርመናዊ ከቤተሰቡ አንዱን፣ ቤታ ካሮቲንን፣ ከካሮት ለይቶ አወጣው፣ ስሙም ከዚያው ከካሮት ነው።

እኔን የገረመኝ ግን ዕፅዋት ለምን እንደሚያመርቱት ነው። ቅጠል ቀኑን ሙሉ ፀሐይ ላይ ነው። ከብርሃኑ ተርፎ ያልተጠቀመበት ጉልበት ኦክሲጅን ላይ ሲያርፍ ኦክሲጅኑ ያብዳል። ያገኘውን ይነክሳል፦ የሴሉን ቅባት፣ ፕሮቲኑን፣ ዲኤንኤውን ሳይቀር። ካሮቲኖይዱ ያን ትርፍ ጉልበት ይቀበልና ሙቀት አድርጎ ይለቀዋል። አብዛኛውን ጊዜ ራሱ ሳይጎዳ ለሚቀጥለው ይዘጋጃል። የመብረቅ መከላከያ ዘንግ በሉት። አንቲኦክሲዳንት የሚባለው ነገር በዚህ መልኩ ሲነገረኝ ነው የገባኝ። የማስታወቂያ ቃል ይመስለኝ ነበር።

አሁን ዓይንን አስቡት። ብርሃን አለ፣ ኦክሲጅን አለ፣ በቀላሉ የሚበላሽ ቅባት አለ። ሦስቱም አንድ ቦታ ላይ! ከዓይን ጀርባ ብርሃን የሚቀበል ሬቲና የሚባል ስስ ሽፋን አለ፣ ከእሱ መሃል ማኩላ የምትባል ትንሽዬ ስፍራ አለች፣ ፊት የምንለየውም ፊደል የምናነበውም በእሷ ነው። ማኩላ ደግሞ ቢጫ ናት። ቀለሙ ሰማያዊውን ብርሃን ያጣራል፣ ያበደውን ኦክሲጅንም ያረጋጋል።

ታዲያ ያ ቢጫ ከእኔ ብርጭቆ የመጣ መሰላችሁ? አይደለም። ዓይን እዚያ የሚያስገባው ሉቲንና ዚያዛንቲን የሚባሉትን የካሮቲኖይድ ዓይነቶች ነው። እነሱን በብዛት የምታገኟቸው ቆስጣን ከመሰሉ አረንጓዴ ቅጠሎች ነው፣ ከእንቁላል አስኳልና ከበቆሎም ጭምር። የካሮቱ ቤታ ካሮቲን ሥራው ሌላ ነው። ሰውነት ወደ ቫይታሚን ኤ ይለውጠዋል፣ ቫይታሚኑ ሲያንስ ዳፍንት ይመጣል። ካላነሰ ግን ካሮት ቢጨመር ዓይን አይስልም። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት እንግሊዞች አብራሪዎቻችን በጨለማ ጠላትን የሚያዩት ካሮት በልተው ነው ብለው አስወርተው ነበር። የተደበቀው ግን አውሮፕላንን በጨለማም ከሩቅ የሚያገኘው መሣሪያ፣ ራዳሩ ነው። እኔም በዚያ ወሬ ነው ሁለት ወር የጨመቅኩት።

አንድ ነገር ግን በቀልድ የማላልፈው አለ። በፊንላንድ 29,133 አጫሽ ወንዶች የተሳተፉበት ትልቅ ጥናት ነበር። ቤታ ካሮቲን የደረሳቸው በቀን 20 ሚሊግራም በእንክብል ወሰዱ። ከሳንባ ካንሰር ይጠብቃቸዋል ተብሎ ነበር የታሰበው። ውጤቱ በአውሮፓውያኑ 1994 ሲወጣ ካንሰሩ በ18 በመቶ ጨምሮ ተገኘ። አሜሪካም የነበረው ተመሳሳይ ጥናት በ1996 ከጊዜው በፊት ተቋረጠ። ስለዚህ አጫሽ የሆነ፣ ያቆመም ቢሆን፣ ይህን እንክብል ባይነካ ነው የምለው። ምግቡን ማለቴ አይደለም፣ በሰሃን የሚበላ ካሮት ሌላ ነገር ነው። የማኩላ በሽታ መሃል ደረጃ ላይ ለደረሰባቸው ሰዎች የሚታዘዘው እንክብልም ከአውሮፓውያኑ 2013 ጥናት በኋላ ቤታ ካሮቲኑ በ10 ሚሊግራም ሉቲንና በ2 ሚሊግራም ዚያዛንቲን ተተክቷል። በሽታውን ያዘገያል እንጂ አያድንም። ጤነኛ ዓይን ላለው ደግሞ የታዘዘ አይደለም።

እኔ አሁን ካሮቱን ቀቅዬ ዘይት ጠብ አድርጌበት ነው የምበላው። ቀለሙ በቅባት ነው የሚሟሟው፣ ሙቀት ደግሞ የሴሉን ግድግዳ ያላላዋል። ጥሬውን ከምትቆረጥሙት የተሻለ ይደርሳችኋል። ቆስጣውንም እንዲሁ።

የዓይኔ ድካምስ? መነጽር ነው የጎደለኝ። ልኬቱ ሃያ ደቂቃ አልፈጀም።

መዳፌ ለመልቀቅ ወራት ወሰደበት። መጭመቂያውን ለጎረቤቴ ሰጠሁት፣ በጣም ነው የተደሰተው። ትናንት ደረጃው ላይ ተገናኝተን ስንጨባበጥ እጁን ቶሎ አልለቀቅኩትም። ገልበጥ አድርጌ አየሁት። "ምነው?" አለኝ። "ካሮት ታበዛለህ እንዴ?" አልኩት።