ልምምዱ በመዝገብ ይቆጠር

የተከበራችሁ መምህራን፣ የሙያ ባልደረቦቼ፣ ውድ የሕግ ተማሪዎች፤ እንደምን ዋላችሁ።

ቢሮዬ የሚመጡ ተማሪዎች አስቀድመው የሚጠይቁኝ «ጠበቃ ለመሆን የምን ያህል ጊዜ ልምምድ ይበቃል?» ብለው ነው። የአገሮች መልስ ይለያያል። ጀርመን ሠልጣኙን በፍርድ ቤት፣ በዐቃቤ ሕግ፣ በአስተዳደር መሥሪያ ቤትና በጠበቃ ቢሮ 2 ዓመት ታዘዋውረዋለች። ኬንያ በጠበቃ ሥር 6 ወር ታስቀምጠዋለች። በእኛ አገር በ1992 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 199 በፌዴራል የመጀመሪያ ደረጃ ፍርድ ቤት ለሚቆም የሕግ ምሩቅ 2 ዓመት፣ በሁሉም የፌዴራል ፍርድ ቤቶች ለሚቆም ደግሞ 5 ዓመት የሥራ ልምድ ይጠይቅ ነበር፤ በ2013 ዓ.ም. በአዋጅ ቁጥር 1249 ተተክቷል።

ይሁን እንጂ ልምድና ሥልጠና ይለያያሉ። በመሥሪያ ቤት ደብዳቤ ሲያረቅ የከረመ ሰው ችሎት ሳይረግጥ ዓመቱ ሊሞላለት ይችላል።

የመጀመሪያ የክስ ማመልከቻዬን የጻፍኩት ለአንዲት ከደምቢያ ለመጣች እናት ነው። የልጇን ቀለብ ትጠይቃለች። የቤተሰብ ሕጉን አንቀጽ በአንቀጽ ጠቅሼ፣ በጽሑፌም ተደስቼ ነበር። ክስ የሚቀበሉት የፍርድ ቤቱ ሬጅስትራር ሠራተኛ ገለጥ አደረጉና መለሱልኝ፤ የማስረጃ ዝርዝር አላያያዝኩም። በፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕጉ ቁጥር 223 የምስክሮች ስም፣ አድራሻና የሚመሰክሩበት ጉዳይ ከክሱ ጋር መያያዝ እንዳለበት ተምሬያለሁ፤ ለፈተናም ጽፌዋለሁ። እጄ ግን አያውቀውም ነበር። እናቲቱ ልጇን እንዳዘለች ከተማ አደረች። የማደሪያዋን ከፈልኩ፤ ዕዳው ግን እስከ ዛሬ አልወረደልኝም።

ስለዚህ የሕግ ተማሪ ልምምድ በሳምንት ሳይሆን በመዝገብ፣ ማለትም ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ በተከታተለው ጉዳይ ይቆጠር እላለሁ። አንድ ተማሪ አንድን ጉዳይ ባለጉዳይ ከማነጋገር ጀምሮ ክሱ ሲከፈት፣ መልስ ሲቀርብ፣ የክርክሩ ጭብጥ ሲያዝ፣ ምስክር ሲሰማ፣ ፍርድ ሲሰጥ ይከታተለው። ከፍርድም በኋላ የ60 ቀኑን የይግባኝ ጊዜ ይቁጠር። አፈጻጸሙንም ይይ፤ የተፈረደላት እናት ገንዘቡን እጇ ውስጥ እስክታስገባ ድረስ ያለውን ውጣ ውረድ በንግግር ማስተማር አይቻልም። ተማሪው ለልምምድ በሚወጣበት ጥቂት ሳምንት ይህ ሁሉ አያልቅም። ልምምዱ ክረምት ላይ ሲወድቅማ ይብሳል፤ ነሐሴ ላይ ፍርድ ቤት ለዕረፍት ይዘጋና ተማሪው ከአስቸኳይ ጉዳይ በቀር የሚያየው አያገኝም።

ጎንደር ይህን ለሐኪም ካወቀች ቆይታለች። የሕክምና ተማሪ ከመመረቁ በፊት አንድ ዓመት ያህል ሆስፒታል ውስጥ ይውላል፣ ያድራል። ልዩ ልዩ የጤና ተማሪዎችም በአንድ ቡድን ሆነው ወደ ገጠር ጤና ጣቢያ ይወጣሉ። በ48 ሰዓት ውስጥ ፍርድ ቤት መቅረብ የሚገባው እስረኛም የሰው ሕይወት ነው። ለእርሱ የሚቆመውን ልጅ በጥቂት ሳምንት አሠልጥነን ስንልክ ለምን አንደነግጥም?

ባልደረቦቼ፤ የምጠይቃችሁ እያንዳንዳችሁ አንድ ተማሪ ለአንድ መዝገብ ሙሉ ዕድሜ እንድትይዙ ነው፤ ባለጉዳዩን አስፈቅዳችሁ፣ ምሥጢር እንዲጠብቅ አስምላችሁ። እኔ ፍርድ ቤት በጥቅምት ሥራ ሲጀምር ሁለት ተማሪዎች እወስዳለሁ። ጠረጴዛቸው ተዘጋጅቷል፤ ዛሬ ከዚህ ስንወጣ ስማችሁን በር ላይ አስመዝግቡ።

አመሰግናለሁ።